እምቢ ያለችው ገል

እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፣ እኔ መስኮቱን እያየሁ ነበር፣ በመስኮቱ የሚያልፉትን ጫማዎች፣ ምድር ቤት የሚሠራ ሰው ከዓለም የሚደርሰው ጫማ ብቻ ነው፣ ተረከዙ የተበላ ጫማ፣ አዲስ ጫማ፣ ማሰሪያው የተፈታ የልጅ ጫማ፣ እሰረው ልጄ ትወድቃለህ ልል አፌን ስከፍት፣ ፀሐይዋ በእግሮቹ መሃል ብልጭ ድርግም እያለች ጠረጴዛዬ ላይ ስትጫወት፣ እጄ ለብቻው ሄዶ ሞረዱን አነሳ። ቸክ፣ ቸክ፣ ቸክ። ገሏ ገባች፣ ጠቅ አለች፣ እንዴት ደስ ይላል ድምፁ፣ ከዚያ ነው ልቤ ቀጥ ያለው።

ጉድ ፈላ። እስቲ ተረጋጊ፣ እስቲ ቀስ ብለሽ አስቢ፣ ምን ሆነ። ማሰሮዋ ፊቴ ናት፣ አሸዋ በሞላው ሳጥን ውስጥ ተደላድላ ተቀምጣለች፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ መሬት ውስጥ ተሰባብራ የኖረች ማሰሮ፣ ገሎቿን አጥቤ፣ ለይቼ፣ ጠርዝ ከጠርዝ እያገናኘሁ በሙጫ ያያያዝኳት፣ ሆዷ ሞልቷል፣ ጆሮዋ ቆሟል፣ አንገቷ ላይ አንዲት ቀዳዳ ቀርታ ነበር፣ ጠረጴዛው ላይም አንዲት ገል። አንድ ቀዳዳ አንድ ገል፣ ሌላ ምን ይፈለጋል። ሳስገባት እምቢ። ዞር ሳደርጋት እምቢ። የከለከለቻት የጥፍር ጫፍ የማትሞላ ነገር ናት፣ ይህ እጅ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራ የኖረ እጅ ነው፣ ጥርሱ ድድ ላይ አልቀመጥ ሲለው ማንንም አያማክርም፣ ይሞርዳል። የሌባ ሲሆን የእጅ አመል ይሉታል፣ የኔ ምን ይባል። አውራ ጣቴ ላይ ቀይ ዱቄት አለ። ሻይ ከመጠጣቴ በፊት ማሰሮ ነበር።

እፍ ልለው ነበር፣ አላልኩም፣ ጣቴን ወደ ላይ ቀስሬ ተቀምጫለሁ።

ወጌሻዋ ፎቅ ላይ ስብሰባ ናት። ወጌሻ ያሏት ስብራት ስለምትጠግን ነው፣ የዚህ ሙዚየም የጥገና ክፍል ኃላፊ፣ አለቃዬ፣ በዕድሜ ልጄ ብትሆን የማይገርም፣ እሷ እኔን ስለ ሽበቴ እርስዎ ትለኛለች፣ እኔ እሷን ስለ እውቀቷ እርስዎ እላታለሁ፣ እትዬ ሙጫውን ቢያቀብሉኝ፣ ይኸው ይቀበሉኝ፣ ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ሰምቶን፣ እዚህ ማሰሮ ነው የሚጠገነው ወይስ አምባሳደር ነው የሚሾመው ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ስብሰባው ስለ እኔ ነው። ስለ ጣሪያው ፍሳሽም ነው፣ ስለ መጋዘኑ መደርደሪያም ነው፣ መጨረሻው ላይ ግን ስለ እኔ ነው፣ የሙከራ ጊዜዬ ዛሬ ያልቃል፣ ትቆይ ወይስ ትሂድ የሚለውን ይዛ ነው የምትወርደው። እና ስትወጣ ምን አለችኝ፣ እትዬ፣ ስመለስ አንገቷ ተዘግቶ ባይ ደስ ይለኛል። ተዘግቷል እኮ። ይኸው ተዘጋ። ክፍተት የለው፣ ብርሃን አያሳልፍ፣ ያማረ አንገት።

ማሰሮ ስትታይ ሰው ናት። አንገት አላት፣ ትከሻ አላት፣ ሆድ አላት፣ ጆሮ አላት፣ ከንፈር አላት። ጥርስ ብቻ ነው የሌላት። ስለዚህ መሆን አለበት ጥርስ ሠሪ የላከላት።

ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ጓሮ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር፣ በሆዴ ተኝቼ ጆሮዬን መሬት ላይ ለጥፌአለሁ፣ የረጠበ አንሶላ ጀርባዬ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ከታች ሰዎች አሉ፣ አውቃለሁ፣ እኛ ምሳ ስንበላ እነሱም ይበላሉ፣ እኛ መብራት ስናጠፋ እነሱም ያጠፋሉ፣ ድምፃቸው ግን ከአፈሩ ውፍረት የተነሳ እየደከመ ነው የሚመጣው፣ ግድግዳ አልፎ እንደሚሰማ የጎረቤት ሬዲዮ፣ ቃሉ አይያዝም፣ ዜማው ብቻ። እናቴ መጣች፣ አንቺ ልጅ፣ አፈር ብዪ፣ ዛሬ ያጠብኩትን ቀሚስ፣ ተነሽ ከዚያ። እርግማን መሆኑን አላወቅሁም፣ ቆንጥሬ ምላሴ ላይ አደረግሁት፣ ዝናብ ዝናብ አለኝ። አፈር ስንት ነገር ነው በኛ አፍ፣ የተቆጣ አፈር ብላ ይላል፣ የሚለምን አፈር ስሆን ይላል፣ ለሞተ አፈሩ ይቅለለው ይባላል፣ ለኔ ሁሉም አንድ ነበር፣ የነዚያ ሰዎች ሰፈር ስም ይመስለኝ ነበር። ዛሬም ይመስለኛል። ሀምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ሲታጠፍ ይንቋቋል፣ ዛሬም ይመስለኛል።

አባቴ ግንበኛ ነው። ነበር። መሠረት ሲያስቆፍር የወጣውን ገል በምሳ ዕቃው ክዳን ይዞልኝ ይመጣል፣ ጫማውን ሳይፈታ ከበር ላይ ይጠራኛል፣ ቆፋሪዋ፣ ነይ፣ ሰዎችሽ ሰላም ብለውሻል። ምን አሉ አባዬ። ዛሬ ዝም ብለዋል፣ ዕቃ ሰብረው ተጣልተው ነው መሰል። ቆፋሪዋ የሚለውን እሱ አይደለም ያወጣው፣ ክፍል ውስጥ ነው የወጣልኝ፣ መምህሩ ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ ብሎ፣ ሐኪም፣ ፓይለት፣ ሐኪም፣ ሐኪም፣ ፓይለት፣ እኔ ጋ ሲደርስ ቆፋሪ፣ ምን ቆፋሪ፣ የድሮ ሰዎች ቆፋሪ፣ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፣ መቃብር ቆፋሪ፣ መቃብር ቆፋሪ፣ ድመቱ የሞተችበት ልጅ ሁሉ ነይ ቅበሪልን ሲለኝ ከረመ። አንዷን ቀብሬአለሁ እንዲያውም፣ ግራጫ ድመት፣ እራሷን ወደ ፀሐይ መውጫ አድርጌ፣ አንድ ዶቃ አጠገቧ አስቀምጬ፣ ከሺህ ዓመት በኋላ የሚያገኛት ሰው ትወደድ እንደነበር እንዲያውቅ ብዬ። እቤት መጥቼ ሳለቅስ አባቴ ሳቀ፣ ክፉ ሳቅ አይደለም፣ እኔስ ምንድነኝ አለ፣ እኔም ቆፋሪ ነኝ፣ ልዩነታችን እኔ የቆፈርኩትን ደፍኜው እሄዳለሁ።

ገሉን በጣሳ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፣ ከዚያ አፍንጫዬ ሥር ይይዘዋል፣ አሽትቺ። የሰው ገላ ይሸታል። እውነቴን ነው፣ ውሃ የነካው የድሮ ሸክላ ገና ከመታጠቢያ የወጣ ሰው ይሸታል፣ ገል እና ገላ፣ ይህን ቋንቋ ያወጣው ሰው አሽትቶ ነው ያወጣው።

ቆፋሪነት ምን ያበላል፣ አለ አጎቴ። የጥርስ ቤተ ሙከራ ነበረው፣ ነቃይ አይደለም፣ ሐኪሞቹ የነቀሉትን የሚተካ፣ ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ አይቷቸው ለማያውቅ ሰዎች ጥርስ የሚሠራ። ሰው ታሪኩን ባያውቅ ይኖራል፣ ጥርስ ከሌለው ግን በምን ያኝካል፣ ነይ እኔ ጋ ተማሪ። አባቴ ዝም አለ። ወዶ አይደለም፣ ወገቡ ተይዞ ሥራ ያቆመበት ዓመት ነው፣ ታናናሾቼ አሉ፣ ዝም ሲል ዓይኑን ከኔ አሽሽቶ ምሳ ዕቃውን ያየው ነበር፣ ባዶውን ምሳ ዕቃ። ሄድኩ። ለትንሽ ጊዜ ነው ብዬ ሄድኩ። ትንሽ ጊዜ የሚባለው ነገር ሠላሳ ዓመት ነው፣ የሚነግርሽ የለም እንጂ።

አልከፋኝም፣ ከፋኝ ብል ውሸት ነው፣ ጥርሴን ነክሼ አይደለም የሠራሁት፣ እንዲያውም። ሰም፣ ጀሶ፣ ትንሿ መብራት። ከሐኪሞቹ የሚመጣው የጀሶ መንጋጋ መደርደሪያው ላይ ተደርድሮ ያዛጋል፣ ስንት ሰው አንድ ላይ ሲያዛጋ፣ እኔ እየተራ እያነሳሁ በመብራቱ እገባበታለሁ፣ ይህ ሰውዬ በግራው ብቻ ነው የሚያኝከው፣ ይቺ ሴትዮ በእንቅልፏ ጥርሷን ታፋጫለች፣ ምን ጭንቀት ይዟት ይሆን፣ ይህ ልጁን ሲቆጣ መንጋጋውን ወደ ፊት ያወጣል፣ ፊታቸውን አላውቀውም፣ ዋሻቸውን አውቀዋለሁ፣ ማታ ስተኛ ዋሻዎቹ ውስጥ በሻማ ስሄድ አድራለሁ። ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ፣ ልብ ሳይስቅ የሚስቅ፣ የኔዎቹ የባዳ ባዳ ናቸው፣ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድረው ጠዋት ሳቅ የሚጀምሩ። አንድ ሽማግሌ መጣ፣ አጫሽ፣ የፊት ጥርሱ ወድቆ፣ ነጭ አልፈልግም አለኝ፣ ያንኑ ወልጋዳውን፣ ያንኑ ቢጫውን ሥሪልኝ፣ ባለቤቴ ሳታውቅ። ሠራሁለት። በሻይ ውሃ፣ በጥላሸት፣ ጫፉን ሸረፍ አድርጌ። ሚስቱ አላወቀችም። እስክትሞት አላወቀችም፣ ኋላ መጥቶ ነገረኝ፣ እየሳቀ ጀምሮ እያለቀሰ ጨረሰው።

እችላለሁ እኮ።

የሞረድኩት ጠርዝ ትኩስ ነው፣ እንደ ተላጠ ነገር ቀልቷል፣ ቀሪው የመሬት ጥቁረት አለው፣ ታዲያ ይህ ለኔ ምኔ ነው፣ ብርጭቆዬ ውስጥ የቀረ የሻይ አንጓፎ አለ፣ የእርሳስ ዱቄት አለ፣ ቀጭን ብሩሽ አለ፣ እሷ ደረጃው ላይ ሳትደርስ ያልቃል። ወጌሻዋ አታውቅም። በማጉያ መነጽርም አታውቅም። ትወርዳለች፣ ኧረ እትዬ ብላ እጇን ታጨበጭባለች፣ ከዚያ ነጭ ጋዋን ይሰጠኛል፣ የተውሶ ሳይሆን የራሴ፣ ከዚያ በዚህ በርጩማ ላይ፣ በዚህ መስኮት ሥር፣ ጫማዎች ሲያልፉ፣ ጉልበቴ እስኪያቅተኝ። መቆየት እፈልጋለሁ። ይኸው አልኩት። በዕድሜዬ እንዲህ የፈለግሁት ነገር የለም፣ ባሌን ሳገባ እንኳን እንዲህ አልፈለግሁም፣ አፈሩ ይቅለለውና እሱም ያውቅ ነበር፣ ሙዚየም ሲወስደኝ ራሱ መስታወቱ ላይ ያየኛል እንጂ ዕቃውን አያይም ነበር፣ አንቺ እነዚህን ስታዪ ፊትሽ የሌላ ሰው ይሆናል ይለኝ ነበር፣ ቅናት ቢጤ ነበረበት።

አጎቴ ሲሞት ቤቱን የወረሰው ልጁ ማሽን አስገባ፣ ጥርስ የሚያትም፣ እንደ ወረቀት፣ ዝዝዝ ይልና ጥርስ ይወጣል። አክስቴ ልጅ ሳይሆን ማሽን ወለደች አልን፣ ሳቅን፣ ከሥራ ወጣሁ። ልጄ ናት ማታ ትምህርት ቤት ጎትታ ያስመዘገበችኝ፣ እማዬ በቃ፣ ለሰው ጥርስ ስትሠሪ የራስሽ ሊያልቅ ነው፣ ሂጂ ተማሪ፣ አንቺ እኮ ቲቪ ላይ አፈር የሚቆፍሩ ሰዎች ሲመጡ ወጥ ታሳርሪያለሽ። ከሃያ ዓመት ልጆች መሃል ቁጭ አልኩ፣ እማማ ይሉኛል፣ ማስታወሻዬን ይቀዳሉ፣ ፈተና ሲደርስ ልባቸው ይቀልጣል፣ እኔ ደግሞ ፈተና ላይ ነበር የሚደላኝ፣ ጥያቄው ስለነሱ ነው፣ ስለ ታችኞቹ፣ ሌላ ሰው ስለ ዘመዶቼ ሲጠይቀኝ መስሎኝ ከተፈቀደው ወረቀት በላይ እጽፋለሁ። ዛሬ ጠዋት ልጄ ደወለች፣ ዛሬ ነው አይደል የሚነግሩሽ፣ አዎ፣ አይዞሽ ማሚ፣ ባይቀበሉሽ ራሳቸው ናቸው ፋራ። አፈር ስሆን እንዲህ አትበይ አልኳት፣ ፈርቼ ነው፣ ግድግዳው የሚሰማ መስሎኝ።

መጀመሪያ ቀን ወጌሻዋ አንዲት ገል መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ድምጿ ቀስ ያለ ነው፣ የታመመ ሰው የተኛበት ቤት ያለች ነው የምትመስለው። እትዬ፣ አለች፣ ገል መልክ የላትም፣ መልኳ ከሌላው ጋር ነው፣ ያላት ጠርዟ ብቻ ነው፣ ከማን አጠገብ ተኝታ እንደነበር የምታስታውሰው በጠርዟ ነው። አትግፏት። እምቢ ካለች ከሁለት አንዱ ነው፣ ወይ እርስዎ ከታች ተሳስተዋል፣ ታች ላይ የፀጉር ያህል የሳተ አንገት ላይ ሲደርስ ጣት ያስገባል፣ ወይ ደግሞ ዘመዷ አይደለችም። ሞረዱ የጀሶ ነው፣ ክፍተት ስንሞላ የኛን ሙሌት ለማለስለስ። ገል አይነካም። እሺ አልኩ። እንዴት ይረሳል፣ እሺ ብዬ ነበር እኮ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፣ እኔ ለቅሜ ለቅሜ መጨረሻ ላይ አፈሰስኩ።

ወይ ደግሞ ዘመዷ አይደለችም።

ቆይ። ቆይ እስቲ። ያቺ ገል ትንሽ ወፈር ትላለች፣ በውስጥ በኩል ቀለሟ ወደ ቡኒ ይሄዳል፣ የማሰሮዋ ውስጥ ግራጫ ነው፣ አሁን ሳየው ገብታ እንኳን ታስታውቃለች፣ በሰው ድግስ ላይ ሳትጠራ እንደመጣች እንግዳ ትከሻዋን ሰብስባ ቆማለች። አሁን ነው ያየሁት? አሁን አይደለም። ሳነሳት አይቻለሁ። አይቼ ነው ወደ መስኮቱ የዞርኩት፣ ጫማ ልቆጥር፣ የማላውቀው ልጅ ማሰሪያ ሊያሳስበኝ፣ እጄ የፈለገውን እንዲያደርግ ፊቴን አዞርኩለት፣ ዘወር በሉ ገንዘብ ልቆጥር ነው እንደሚባል። እጄ አይደለም። እኔ ነኝ። ሙሉ ሆና ላያት ቸኩዬ ነው፣ ሙሉ ነገር አይቼ አላውቅማ፣ በምሳ ዕቃ ክዳን ከመጣው ሁሉ አንድም ሙሉ አልነበረም፣ አባቴ ይቅርታ ይጠይቀኝ ነበር፣ ዛሬም ስባሪ ነው ልጄ እያለ።

እና ዘመዷ ካልሆነች ሌላ ማሰሮ ነበረች ማለት ነው። ሁለተኛዋ። ወፈር ያለች፣ ሆዷ ቡኒ፣ አንዲት ሴት ሁለቱን ጎን ለጎን ግድግዳ ሥር አስደግፋቸዋለች፣ በበሩ ፀሐይ ይገባል፣ ልክ እንዲህ ያለ ፀሐይ፣ እግሮች እያለፉ የሚቆራርጡት፣ ሴትዮዋ ከአንዷ ቀድታ ወደ ሌላዋ ትገለብጣለች፣ ውሃው ሲወርድ ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል፣ እሰማዋለሁ፣ አባቴ በመሰላል እየመራኝ እንወርዳለን፣ በወለሉ ሥር ወለል፣ በዚያ ሥር ደግሞ ሌላ ወለል፣ በያንዳንዱ ላይ ሰዎች ምሳ እየበሉ ነው፣ ቀና ብለው ያዩናል፣ እንደምን ዋላችሁ እንላለን፣ እለፉ ይሉናል፣ ታች ስንደርስ ሴትዮዋ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ አንዷን ማሰሮዬን አገኛችሁልኝ አይደል፣ ሁለተኛዋስ? አባቴ ዞሮ ያየኛል። አውራ ጣቴን ከኋላዬ ደብቄአለሁ። ከሁለተኛዋ ማሰሮ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው አንድ ገል ነው፣ ነበርኩ ብላ የምትመሰክርበት አንድ ጠርዝ፣ ያንን ነው የፈቀፈቅሁት።

ባይሆንስ። ዘመዷ ብትሆንስ፣ ስህተቱ የኔ ከታች ቢሆንስ፣ ቀለሙም የእሳት ቢሆንስ፣ አንዱ ጎን ሲበስል ሌላው ይጠቁራል። ሊሆን ይችላል። ከእንግዲህ የሚለይበት የለም፣ እሱ ነው ነገሩ፣ ጠርዟ ሊናገር የነበረውን እኔ ነኝ ያስዋጥኳት፣ አሁን የምትለው እኔ ያስጠናኋትን ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። አፍሬአለሁ። ብቻዬን ተቀምጬ ጆሮዬ ግሏል፣ እንደ ልጅ።

ብሩሹንና የሻይ ብርጭቆውን አነሳሁ። አንጓፎው ሥር ላይ አለ፣ ቀዝቅዟል፣ ቀለሙ ልክ የሚያስፈልገኝ ነው። ሽማግሌው ለምን ነበር ያለቀሰው፣ ያን ጊዜ ሚስቱን ናፍቆ መስሎኝ ነበር፣ አይደለም፣ አላወቀችብኝም እያለ እኮ ነው ያለቀሰው። ብርጭቆውን መለስኩት። ከእጄ እንዲርቅ ጠረጴዛው ማዶ ገፋሁት። ያም ሆኖ ብሩሹን አልለቀቅሁም፣ ይዤዋለሁ፣ ይዤው ተቀምጫለሁ።

እግር። ደረጃው ላይ። እሷ ናት፣ ሁለት ሁለት እርከን እየዘለለች፣ ቀስ የምትለው ሴትዮ እየሮጠች፣ ጥሩ ነገር ይዛለች፣ አወቅሁ፣ መጥፎ ነገር የያዘ ሰው አይሮጥም፣ አምላኬ፣ በሩ ተከፈተ፣ ፊቷ በርቷል፣ እትዬ እንኳን ደ፣ ዓይኗ ማሰሮዋ ላይ ወደቀ፣ ኧረ! ገባችልዎት እንዴ! እንዴት ብላ ገባች?

ገባች። አንድ ቃል ነው፣ ገባች ማለት፣ ፈገግ ማለት፣ ጥርስ ማሳየት።

ሞረድኳት።

ምን?

ጠርዟን። በሞረዱ። አልገባ ብላኝ ሞረድኳት።

ምን አደረግሽ?

አደረግሽ። ሦስት ወር ሙሉ እርስዎ ስትለኝ የከረመች አፍ አደረግሽ አለች፣ ቃሉ ከአፏ ወጥቶ መሃላችን ቆመ፣ እሷም ሰማችው መሰለኝ፣ ግን አልመለሰችውም፣ ይቅርታ እትዬ አላለችም፣ መነጽሯን አድርጋ ማጉያውን ስባ ጎንበስ አለች። ጫማዎች ያልፋሉ። ፎቅ ላይ የሌሊቱ ዝናብ ከጣሪያው እየፈሰሰ ባልዲ ላይ ሲንጠባጠብ እዚህ ድረስ ይሰማል። የትኛው ጎን ነው። የግራው። ስንቴ። ሦስቴ፣ አራት አይሆንም። ዱቄቱስ። አውራ ጣቴን ዘረጋሁላት። ይዛ ወደ መብራቱ አስጠጋችው፣ እጇ ሞቃት ነው፣ የልጅ ትኩሳት እንደሚያይ ሰው አገላብጣ አየችው፣ ወረቀት አምጥታ በብሩሽ አራገፈችው፣ ቁንጣሪ አይሞላም፣ አጠፈችው።

የዚች ትሁን የሌላ ከእንግዲህ ማንም አያውቅም፣ አለች፣ እኔም አላውቅም፣ ከኔ በኋላ የሚመጣውም አያውቅም። ገብቶሻል?

ገብቶኛል።

ለምን ነገርሽኝ፣ አላውቅብሽም ነበር እኮ።

ምን ልበላት። ሴትዮዋ ታች ላይ ቆማ ትጠይቀኛለች ልበላት፣ አባቴ ዞሮ አየኝ ልበላት፣ እንባዬ መጥቷል፣ ዓይኔን በክንዴ ጠረግሁ። እኔም አላውቅልሽ አልኳት። ምን ማለት እንደሆነ እንጃ። እንዲያ ነው የወጣልኝ፣ አንቺ ብዬ፣ አለቃዬን፣ ልመልሰው ስል አፌ እምቢ አለኝ።

አሴቶኑን አምጪው አለች።

አመጣሁ። ሙጫ የሚያሟሟው ነው፣ ክዳኑ ሲከፈት ክፍሉ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሸተተ፣ የሴት ልጅ ክፍል። ይቺን ገል መጀመሪያ አውጪያት አለች፣ ለብቻዋ አስቀምጪ። ከዚያ አንገቷን ትፈቺዋለሽ፣ ትከሻዋንም፣ ስህተቱ ከየት እንደጀመረ እስክታገኚ ወደ ታች ትወርጃለሽ፣ እስከ ቂጧ ቢሆን እስከ ቂጧ። ዛሬ አያልቅም። በዚህ ሳምንትም አያልቅም። እሺ። እና አታልቅሺባት፣ ውሃ አትወድም። እሺ። ፎቅ ምን እንዳሉ አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም፣ እንኳን ደ ያለችው ተቆርጦ እዚያው በር ላይ ቀርቷል። አንቺ ማለት ንቀት ነው፣ አንቺ ማለት የቤት ሰው ነው፣ የቱን እንደሆነች ፊቷ ላይ ፈልጌ አጣሁት፣ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛዬን ነው የምታየው፣ ወረንጦውን፣ ብሩሹን፣ ሻዩን።

ሞረዱን አምጪ አለች።

ሰጠኋት። ጋዋኗ ኪስ ከተተችው፣ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አድርጋ ደረጃውን ወጣች፣ ቀስ ብላ፣ አንድ አንድ እርከን። እኔ በርጩማዬ ላይ ነኝ፣ ብሩሹን አሴቶን ነክሬ የገሏን ጠርዝ እቀባለሁ፣ ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም፣ እኔና ማሰሮዋ ብቻ፣ የሚጠብቀኝ ሰው እንኳን አላቆመችብኝም፣ ሞረዱን ወስዳ ማሰሮዋን ተወችልኝ።